ፒያኖው ውስጥ ያልነበረው ድምፅ

ሰው ሲጠይቀኝ «ጡረታ ወጣሁ» እላለሁ እንጂ ለፒያኖ ቃኚ ጡረታ የሚባል ነገር የለም። መፍቻህን ትሰቅላለህ፣ በቃ። ልጆቼ ጆሮዬ ደክሞ ሥራውን የተውኩት ይመስላቸዋል። ጆሮዬ አልሃምዱሊላህ ደህና ነው፤ ጎረቤት ስለ እኔ የሚያማውን ሁሉ ይሰማል። የተውኩበትን ምክንያት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ብናገር «ሼባውን ነካ አድርጎታል» ነው የሚሉኝ። ይበሉ እንግዲህ። ዛሬ ልናገረው ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ነው። አባቴ ከወሎ መጥተው ልብስ ሰፊ ሆኑ፤ ሱቃቸው ከአንድ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። የአባቴ የስፌት መኪና ሲንቀጫቀጭ ይውላል፣ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ደጋግሞ ይመታል። ቲን። ቲን። ቲን። «ይሄ ሰውዬ ሊያሳብደኝ ነው!» ይሉ ነበር አባቴ። እኔ ግን ድምፁ በየምቱ ትንሽ ትንሽ ሲለወጥ ይሰማኝ ነበር። አንድ ቀን ግድግዳውን ዞሬ ገባሁ። ሰውዬው አርመናዊ ነበሩ፤ አገር ምድሩ ሙሴ ክሪኮር ይላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ወደ ልብስ ስፌት አልተመለስኩም፤ አባቴም ብዙ ጊዜ አኩርፈውኝ ቆዩ።

ሙሴ ክሪኮር ሰው ቤት ሲገቡ ፒያኖውን አይነኩም። ባርኔጣቸውን ያወልቁና ወንበር ስበው ክፍሉ መሀል ይቀመጣሉ። ዝም። ባለቤቶቹ ግራ ይገባቸዋል፤ «ሻይ ይምጣ?» ይላሉ፣ እሳቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ። ከዚያ ይነሱና በየማዕዘኑ አንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። «ሰይድ፣ መጀመሪያ ቤቱ ያውራ» ይሉኝ ነበር። «ቤት የራሱ ድምፅ አለው። እሱን ሳታውቅ የከፈትከው ፒያኖ ያታልልሃል።» እውነታቸውን ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ አስኪያጁ «ፒያኖው ላይ ሰይጣን ሰፍሯል» ብሎ ጠራን፤ ሙሴ ክሪኮር ተቀመጡ፣ አጨበጨቡ፣ ሄደው የባንኮኒውን መሳቢያ ከፈቱና ማንኪያዎቹን አወጡ። ሰይጣኑ የማንኪያዎቹ መንቀጫቀጭ ነበር። ሰውዬው እስኪያፍር ሳቅንበት።

ሽቦ የሚያፍኑበትን ሱፍ የሚቆርጡት ከአሮጌ ባርኔጣ ነው፤ ከሱቅ የሚገዛውን «ጨርቅ ነው» ብለው ይንቁታል። አብዛኛው የፒያኖ ድምፅ ሦስት ሦስት ሽቦ አለው። ሁለቱን በሱፍ ታፍንና አንዱን ትቃኛለህ። ከዚያ ሁለተኛውን ትለቃለህ፣ ሁለቱ ይጣላሉ፤ ድምፁ ዋ ዋ ዋ እያለ ይንቀጠቀጣል። መፍቻውን ከፀጉር በቀጠነ ልክ ስትገፋው ጠቡ እየበረደ፣ እየበረደ ይሄድና ድንገት አንድ ይሆናሉ። እዚያች ላይ እጅህን ማንሳት አለብህ። እኔ እሷን ቦታ እስካውቅ ድረስ ስንት ሽቦ በጥሼ ስንት ጊዜ ተሰድቤያለሁ።

ሙሴ ክሪኮር ሲሞቱ ሱቁን የገዙት ጋሽ ታደለ ፒያኖን ከቁም ሳጥን የሚለይ ጆሮ አልነበራቸውም፤ ደመወዝ ግን በሰዓቱ ይከፍሉ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር። በኋላ ራሴን ችዬ ትምህርት ቤቱንም፣ ሆቴሉንም፣ የፈረንጆቹንም ቤት አዳረስኩ። ኪቦርድ የሚሉት በመብራት የሚሠራ ነገር ሲመጣ ሥራው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ከቀሩኝ ደንበኞች አንዷ እትዬ ውብነሽ ነበሩ፤ ይህን ሁሉ የማወራው በእሳቸው ምክንያት ነው።

እትዬ ውብነሽ የሚኖሩት ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ከአንድ ወርቅ ሠሪ ሱቅ በላይ ባለ አሮጌ የእንጨት ፎቅ ላይ ነበር። ከመስኮታቸው ሥር ወንዙ አለ፤ በበጋ ክር ያክላል፣ በክረምት ያገሣል። ፒያኖውን አባታቸው ይሠሩለት የነበረ አንድ ግሪክ ነጋዴ አገር ሲለቅ ትቶላቸው ሄደ። እትዬ ውብነሽ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ አላገቡም፣ አልወለዱም። የራሳቸውን ዜማ ይደርሳሉ። ዘፈን የለውም፣ አጃቢ የለውም፣ ፒያኖ ብቻ። ሁሉም የልጅነታቸው ነገር ነው፦ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፣ የግንፍሌ ወንዝ እንቁራሪቶች፣ ቀበና አክስታቸው ቤት ጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ ሲወዛወዝ። መድረክ ላይ ወጥተው አያውቁም። የሚሰማቸው ወርቅ ሠሪውና እኔ ነን።

ታናሽ እህት ነበረቻቸው፣ ሙሉ የምትባል። ሁለቱ ልጆች ሆነው፣ በክረምት፣ እንቁራሪት ለማየት ከዚሁ ቤት ወደ ወንዙ ወረዱ። ደራሽ ውሃ መጣ። ውብነሽ ዳገት ላይ ነበሩ፤ «ሙሉዬ!» ብለው ሲጣሩ ትንሿ «አቤት!» አለች። ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም። አካባቢው ሁሉ ወጥቶ ፈለገ፣ አልተገኘችም።

የደረሱላት ዜማ አለ፣ በአንቺሆዬ ቅኝት። መሀሉ ላይ ጥሪ የሚመስሉ ሦስት ድምፆች ይመታሉ፣ ሙ፣ ሉ፣ ዬ፣ ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ከፒያኖው ያነሳሉ። እጃቸው አየር ላይ እያለ አንዲት ቀጭን ድምፅ ትመልሳለች። ቲን። ማንም አልነካም። ለብዙ ዓመት ስቃኝላቸው ሰምቻታለሁ፤ ፒያኖው ውስጥ ካሉት የሽቦ ማፈኛዎች አንዱ ሰንፎ ሽቦው በራሱ የሚያስተጋባ ነበር የሚመስለኝ። ላበጀው ስል «ተዋት፣ ሙሉ ናት» ይሉኛል፤ የደንበኛ ፈቃድ ነው ብዬ እተወዋለሁ።

ሰፈሩ ለልማት ሊፈርስ ነው የተባለ ጊዜ ስልክ ደወሉልኝ። የወንድማቸው ልጅ ኤፍሬም አያት ኮንዶሚኒየም አለው፣ እዚያ ሊወስዳቸው ነው። ስገባ ዕቃው ግማሹ ታስሯል፣ እሳቸው ግን የፒያኖው ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ሰይድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። እውነቱን ነው የምትነግረኝ።»

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ሙሉ ያለችው ፒያኖው ውስጥ ነው ወይስ ቤቱ ውስጥ? ፒያኖው ውስጥ ከሆነች ይዣት እሄዳለሁ። ቤቱ ውስጥ ከሆነች ግን የትም አልሄድም፤ ከነነፍሴ ያፍርሱት።»

«እንግዲያው በቀላሉ ያልቃል» አልኩ፣ ተማምኜ። የፒያኖውን ፊት ፈታሁ። ማፈኛዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ሞከርኳቸው፤ ሁሉም ደህና ናቸው፣ አንድም የሰነፈ የለም። እንደ ሙሴ ክሪኮር ተቀመጥኩ፣ በየማዕዘኑ አጨበጨብኩ። ብርጭቆውን፣ የፎቶ መስታወቱን፣ የበሩን ሰንሰለት ሁሉ ወደ ደረጃው አወጣሁ። ቶሎ ብዬ ወርጄ ወርቅ ሠሪውን መዶሻውን እንዲያስቀምጥ ለመንኩት። ከዚያ የዚያችን ቀጭን ድምፅ ሦስት ሽቦዎች በባርኔጣ ሱፍ ጠቀጠቅኳቸው፣ በላዩም ጣቴን አስቀመጥኩ።

«ይጫወቱ።»

ሙ፣ ሉ፣ ዬ። እጃቸውን አነሱ። ሽቦዎቹ ከጣቴ ሥር ፍንክች አላሉም፣ ድንጋይ ናቸው። ድምፁ ግን መጣ። ቲን።

«ይድገሙት» አልኩ። ደገሙት። የመጀመሪያው ከጀርባዬ የመጣ መስሎኝ ነበር፣ ይሄኛው ከደረጃው በኩል ሆነ። ሦስተኛው ከመስኮቱ ሥር፣ ከወንዙ በኩል፣ ትንሽ የራቀች መሰለኝ። አውዙቢላህ! እኛ ቤት የሞተ አይመለስም፤ እንዲህ ብለው ነው ያሳደጉኝ። ቢሆንም ጆሮዬን ምን ልበለው? በሥራ ዘመኔ ምንጩን ፈልጌ ያጣሁት ድምፅ ያ ብቻ ነው። መፍቻዬን ይዤ እንደ ፋራ ክፍሉ መሀል ቆምኩ።

«ከፒያኖው አይደለም እትዬ» አልኩ በመጨረሻ።

እትዬ ውብነሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡትና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዕቃ ሲያስር ንግግራችንን የሰማው ኤፍሬም ደረጃው ላይ ያዘኝ። «ጋሽ ሰይድ፣ ምን አደረጉኝ! ከፒያኖው ነው ቢሏቸው ምን ነበረበት? ሰዎቹ ሳምንት ሳይሞላ ያፈርሱታል። አሁን በምን ላውጣቸው? አቅፌ?»

ስለ ድምፅ መዋሸት አልችልበትም፤ ሌላ የተማርኩት ነገር የለም። ቤቴ ገብቼ ምሳ ቀርቦልኝ አልበላ አለኝ። ሴትዮዋ ፍርስራሽ ሥር ሲቀበሩ ታየኝ። በማግሥቱ ሳይጠሩኝ ሄድኩ፣ የሥራ ዕቃዬንም አልያዝኩም፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሰይድ» አሉኝ፣ «ሰው ቤት ሲቀይር ሕፃን ልጁን ምን ያደርጋል?»

«ይዞ ነዋ የሚሄደው።»

«መያዝ ካልቻለስ?»

«መንገዱን ይነግረዋል።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እንዴት ብዬ ልንገራት? አራት ኪሎ፣ ከዚያ መገናኛ፣ ከዚያ አያት ልበላት?»

ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ልጅነቴ መጣ። እኛ መንገድ የምንናገረው በምልክት ነው፤ ሕንጻውን አልፈህ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ታጥፈህ። ሙሉ ስትጠፋ ግን ከነዚህ ምልክቶች አንዱም አልነበረም። «እትዬ፣ ሙሉ መገናኛን የት ታውቀዋለች?» አልኩ። «በሷ ጊዜ እኮ ሜዳ ነው። ሾላ ብትደርስ እንኳ ደንግጣ ትመለሳለች። የምታውቀውን ነው መንገር።»

«የምታውቀው እስከ ቀበና ነው፣ አክስታችን ጋ በእግር እንሄድ ነበር።» ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ የሚጫወቱትን አወቅኩት፣ የግንፍሌ እንቁራሪቶች ነው። ለካ ሴትዮዋ ዕድሜ ልካቸውን የደረሱት መንገዱን ኖሯል! ዝናቡ ቤቱ ነው፣ እንቁራሪቶቹ ግንፍሌ ናቸው፣ ባሕር ዛፉ የአክስታቸው ጓሮ ነው። እየተያየን ለሁለታችንም ገባን።

«አንደኛ ድልድዩ አለ» አሉ። «ውሃ ትፈራለች።»

«ታዲያ እጇን ይዘው ያሻግሯታ።»

ተነስተው ፒያኖው ጋ ሄዱ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁልፎችን አብረው እየመቱ፣ ሳይለያዩ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ወደ ላይ ወጡ። ደስ የማይል ድምፅ ነው፣ ሁለቱ ይፋጫሉ፤ ሆኖም ሁለት ልጅ ተቃቅፎ ሲሮጥ አየሁ። ድልድዩ እንዲህ ተሠራ።

የቀረው ከቀበና ወዲያ ነው። እዚያ ትዝታ የለም። በማግሥቱ ሁለታችን ታክሲ ተሳፈርን፤ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው መስኮት ጥግ፣ እኔ አጠገባቸው። ልጅ የምታውቀው ድምፅ ፍለጋ ነው የሄድነው። በየመንገዱ «ወራጅ አለ!» እላለሁ፣ እንወርዳለን፣ እንቆማለን፣ እናዳምጣለን። ረዳቱ አንድ ጊዜ «ፋዘር፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አለኝ። «ልጅ» አልኩት፤ ረዳቱ ደነገጠና ሂሳብ ሳይቀበለኝ ሄደ። ሾላ ላይ የአህያ ኮቴ አገኘን። መገናኛ ላይ የመኪናው ጡሩምባ ጆሯችንን ሊበጥሰው ሲል እትዬ ውብነሽ ቀና አሉ፤ ከቀለበት መንገዱ በላይ ጭልፊቶች እየዞሩ ያፏጫሉ። «እነሱን ታውቃቸዋለች፣ ጫጩት የሚወስዱት» አሉ። ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ ቆርቆሮ አጥር ብቻ ነበር፤ ነፋሱ ሲመታው ይጮኻል፤ እሱንም ያዙት። አያት ደርሰን ከሕንጻው ፊት ስንወርድ ዝናብ አባርቶ ነበር። ከመንገዱ ጠርዝ ካለው ቦይ ውስጥ፣ ድንገት፣ ኩሩሩ፣ ኩሩሩ።

እትዬ ውብነሽ ክንዴን ጨመደዱኝ። «እንቁራሪት ካለ ትመጣለች» አሉ። ደስ ብሏቸው ነው። እኔ ግን ሙሉን ወደ ወንዙ ያወረዷትም እንቁራሪቶች መሆናቸውን አሰብኩ።

ፒያኖውን ጫኝ አውራጆች እየተሳደቡ ወሰዱት። ቤቱ ባዶ ሆነ። መጨረሻ የወጣነው እኔና እሳቸው ነን፤ ኤፍሬም ታች መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል። ባዶው ክፍል መሀል ቆሙና ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ጎረቤት ልጅ እንደሚያዝዙ፣ እንዲህ አሉ፦ «ሙሉዬ፣ እዚያ ሆኜ በየቀኑ እጫወትልሻለሁ። ድምፁን ተከትለሽ ነይ። ድልድዩ ላይ ወደ ታች እንዳታዪ። ማንም ቢጠራሽ እኔ ካልሆንኩ አቤት አትበይ።»

ፒያኖ የለም፣ ሦስቱ ድምፆች የሉም። ቢሆንም ያቺ ድምፅ መለሰች። ቲን። ፎቁን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ቤቱ ፈረሰ። አያት ሄጄ ፒያኖውን እንደገና ቃኘሁት፤ መንገዱ አናግቶት ነበር። እትዬ ውብነሽ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጫወታሉ፦ ዝናቡን፣ ድልድዩን፣ እንቁራሪቶቹን፣ ባሕር ዛፉን፣ ኮቴውን፣ ጭልፊቶቹን፣ ቆርቆሮውን፣ የቦዩን እንቁራሪቶች። መጨረሻ ላይ ሙ፣ ሉ፣ ዬ ብለው እጃቸውን ያነሳሉ። ምንም የለም። የጎረቤት ቴሌቪዥን ብቻ። የምሄድበት ቀን ሁሉ ምንም የለም። ሴትዮዋ ከቀን ወደ ቀን እየከሱ፣ ምግብ እየተዉ መጡ። ኤፍሬም ወደ ጎን ይስበኝና «አሁን እንኳ ሰማሁ ይበሏቸው ጋሽ ሰይድ፣ በአላህ» ይለኛል። አንድ ሁለቴ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ጠፍታ እንደሆነስ? ሾላ ላይ ሰው በዝቶባት፣ መገናኛ ላይ ግራ ገብቷት ቆማ እንደሆነስ? እንዲህ እያሰብኩ ራሴን እይዘዋለሁ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?» እላለሁ። አልፎ ተርፎም ወደ አያት ስሄድ በታክሲው መስኮት መንገዱን ዳርና ዳር ማየት ለመድኩ። ወላሂ፣ ልጅ ፍለጋ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት ሄድኩ። ኤፍሬም ሥራ ነበር። ዝናቡ አባርቷል፣ በመስኮቱ የእንቁራሪቱ ጫጫታ ይገባል። እትዬ ውብነሽ መንገዱን ተጫወቱ፤ ደክሟቸው ስለነበር ቀስ ብለው ነው። ሙ፣ ሉ፣ ዬ። እጃቸውን አነሱ። ጠበቅን። የእንቁራሪቱ ጫጫታ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሌላ ምንም የለም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አወረዱ።

«አልሰማችም ሰይድ» አሉ። «ትቻት መጣሁ። ሁለተኛ ጊዜ ትቻት መጣሁ።» የፒያኖውን ክዳን ዘጉት፣ ግንባራቸውንም ክዳኑ ላይ ደፉ። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ያን ጊዜ ነው የመጣችው፤ ከዚያ ወዲህ ፒያኖ በከፈትኩ ቁጥር እሷን ስለምጠብቅ ነው መፍቻዬን የሰቀልኩት። ፒያኖው ተዘግቷል። ከደረጃው በኩል፣ ከታች፣ በጣም ቀጭን፣ በጣም የደከመች። ቲን። ትንሽ ቆይታ ከአንደኛው ፎቅ። ቲን። ቆይታ ከሁለተኛው። ወንበሩን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ቀጣዩ ከበሩ ውጭ ነበር።

እትዬ ውብነሽ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ የሚባል የለም፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ዘግይቶባት የነበረች እናት ፊት ነው። «እግሯ ትንሽ ነው» አሉኝ። «በእግር ነው የመጣችው። ለዚህ ነው የቆየችው።» ከዚያ «ምን ትቀመጣለህ፣ ክፈትላት እንጂ!» ብለው ተቆጡኝ።

ተነስቼ ከፈትኩ። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። ሲሚንቶው ላይ ከደረጃው እስከ ደጃፉ ውሃ ተንጠባጥቧል፤ ዝናብ እዚያ ድረስ አይገባም።

«እግርሽን ጥረጊና ግቢ» አሉ እትዬ ውብነሽ ከኋላዬ።